የቡና ቅጠል ሽታና የሌሊት ጭንቀት፦ ከወረርሽኙ ዘመን ምን ይዘን ወጣን?



ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በክልላችን በጂንካ ከተማ የማርበርግ ቫይረስ በሽታ መከሰቱ በይፋ ሲነገር፣ እዚህ ወላይታ ሶዶ የብዙዎቻችን ልብ ወደ 2012 ዓ.ም. ተመለሰ። በዚያ ምሽት ስልኬ ዕረፍት አልነበረውም። አንዲት እናት፣ "ፓስተር፣ እሑድ ልጆቹን ይዤ ልምጣ ወይስ ቤት ልቅር?" ብላ ጠየቀችኝ። አንዱ ወንድም ጂንካ የሚሠራ ልጁን አስቦ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ደግሞ፣ "ያንን የእጅ መታጠቢያ ባልዲ ከዕቃ ቤት እናውጣው እንዴ?" ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን የሚያስቅ አልነበረም።

በእርግጥ ማርበርግና ኮቪድ-19 አንድ አይደሉም። ኮቪድ በትንፋሽ ይተላለፋል፤ ማርበርግ ግን ከታመመ ወይም በበሽታው ከሞተ ሰው ደምና የሰውነት ፈሳሽ ጋር በሚደረግ ንክኪ ይተላለፋል። አንዱ ብዙ ሰው ይዞ ጥቂቱን ይገድላል፤ ሌላው ጥቂት ሰው ይዝና ብዙውን ይገድላል። ጥንቃቄያቸውም ይለያያል። ይህንን ለጠያቂዎቼ በየተራ አስረዳሁ። ነገር ግን በስልኩ ውስጥ የሰማሁት ፍርሃት የቫይረሱ ዓይነት የሚለውጠው አልነበረም። ሕዝባችን የፈራው አዲሱን በሽታ ብቻ ሳይሆን ያንን ዘመን መልሶ መኖርን ነው።

ይህ ለምን ሆነ? በእኔ አመለካከት ያንን ዘመን "እግዚአብሔር አሳለፈን" ብለን አመስግነን ዘጋነው እንጂ ቁጭ ብለን አልተነጋገርንበትም። ምስጋናው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች ሳይነገሩ ቀርተዋል፤ አንደኛው ጭንቀታችን ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በዚያ ጭንቀት መካከል እግዚአብሔር በየቀኑ የሰጠን ትንንሽ ደስታዎች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም ለመመልከት እሞክራለሁ።

ያ ዘመን እንዴት ነበር?

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ የጠራው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከሁለት ቀን በኋላ መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን ተገኘ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 27 የመጀመሪያው የሞት ዜና ተሰማ። መጋቢት 30 ለአምስት ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ መጨባበጥ ተከለከለ፤ የሕዝብ ማመላለሻ ሰው ቀንሶ እንዲጭን ተደረገ።

ለእኛ አገር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሌላ ሰው በቀላሉ አይረዳውም። ወላይታ ሲገናኝ እጅ ጨብጦ፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳስሞ፣ የልጅና የከብት ደኅንነት ጠይቆ ነው "ሳሮ" የሚባባለው። ለቅሶ ሲሆን ከየቀበሌው በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ይጎርፋል። እሑድ ሲሆን አዳራሹ ሞልቶ በመስኮት የሚሰማው ይበዛል። ታዲያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰላምታው፣ ለቅሶውና አምልኮው አንድ ላይ ተነኩ። ሚያዝያ 11 ቀን የትንሣኤን በዓል እያንዳንዳችን በየቤታችን በቴሌቪዥንና በሬዲዮ አከበርን። እኔም ባዶ ወንበሮች ፊት ቆሜ፣ በስልክ እየተቀረጽሁ ሰበክሁ። "አሜን" የሚል ሰው አልነበረም። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ የሰበክሁትን ራሴም እንዳላመንሁት ያህል ተሰማኝ።

በኋላ የታወቀው ቁጥር እንዲህ ነው። በአገራችን በምርመራ የተረጋገጠው ሕመምተኛ ወደ 500 ሺህ የሚጠጋ ሲሆን፣ በይፋ የተመዘገበው ሞት ከ7,500 በላይ ነው። የመጀመሪያው የክትባት ጭነት፣ 2.2 ሚሊዮን ክትባት፣ የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የዓለም ጤና ድርጅት የአስቸኳይ ጊዜው ማብቃቱን ያሳወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ሞቱ እንደተፈራው አልበዛም የሚሉ አሉ። እናቱን ለቀበረ ሰው ግን ቁጥሩ አንድ ነው፤ አንዱም ሁሉም ነው።

የእኛ ጭንቀት ከምን ተሠራ?

በዚያን ጊዜ በቴሌቪዥን የሚሰጠው ምክር "ቤት ይቆዩ" የሚል ነበር። ቤት መቆየት ግን ለሁሉም እኩል አይደለም። ወላይታ በአገራችን የሕዝብ ብዛት ከሚጠናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። የብዙው ገበሬ መሬት በጣም ጠባብ ስለሆነ፣ ቤተሰብ የሚኖረው ከጓሮው እንሰት፣ ከስኳር ድንችና ከጎደሬ በተጨማሪ ከተማ የወጣው ልጅ በሚልከው ገንዘብ ነው። ያ ልጅ በአዲስ አበባ ጎዳና ጫማ ይጠርጋል፣ ሎተሪ ያዞራል፣ በግንባታ ላይ የቀን ሥራ ይሠራል። ጎዳናው ሲቀዘቅዝ ገንዘቡ ቆመ። አንዳንዱም ሻንጣውን ይዞ ተመለሰ፤ እናቱ ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ማሰሮዋን አየች።

በዚህ ላይ ሌላ ኀዘን ተጨመረ። ነሐሴ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. የወላይታን የክልልነት ጥያቄ ይመሩ የነበሩ የዞኑ ኃላፊዎችና ሌሎች ሰዎች በሶዶ ከታሰሩ በኋላ በተነሣው ተቃውሞ የወገኖቻችን ሕይወት ጠፋ። ፖለቲካውን መተንተን የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። በዚያ ሳምንት ግን የአፍ መሸፈኛችንን አድርገን ለቅሶ የተቀመጥነው በበሽታ ለሞተ ሰው ብቻ አልነበረም። በመስከረም የጊፋታ በዓል ሲመጣ ዱንጉዛ የለበሰው ሰው አደባባዩን እንደ ወትሮው አልሞላውም። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ፤ ወታደር ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ሬዲዮ ላይ ተጣዱ።

ስለዚህ "ስለ ኮሮና ተጨነቁ" ብቻ ብለን ካለፍን ጉዳዩን አልተረዳነውም። የእኛ ጭንቀት እንደ ገመድ ብዙ ክር የተገመደበት ነበር፤ በሽታ፣ ብድር፣ የልጅ ትምህርት፣ የአገር ሰላም፣ ያልተለቀሰ ሙት። ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት በየካቲት 2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት የጭንቀትና የድባቴ ሕመም በዓለም ላይ በ25 በመቶ መጨመሩን አሳውቆ ነበር። ከእነዚያ ሰዎች ጥቂቶቹ በእኛ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ይቀመጡ እንደነበር እኛ መጋቢዎች ምን ያህል አስተውለናል?

የአንድ ባጃጅ ነጂ ታሪክ

ይህንን የምጠይቀው ሌሎችን ለመውቀስ ሳይሆን በራሴ ስለደረሰ ነው። ባለታሪኩ ፈቅዶልኝ፣ ስሙን ሳልጠቅስ እጽፈዋለሁ።

በግንቦት 2012 ዓ.ም. አንድ የጉባኤያችን ወጣት አባወራ ወደ ቤቴ መጣ። በብድር የገዛት ባጃጅ ነበረችው። ተሳፋሪ ቀንሷል፤ የብድሩ ቀን ግን አልቀነሰም። በር ላይ ራቅ ብለን ቆምን። "ፓስተር፣ ደረቴ ይጨንቀኛል፤ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፤ መሪ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል" አለኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ፣ "ወንድሜ፣ ጭንቀት የእምነት ጉድለት ነው፤ ንስሐ ግባና ጌታ ላይ ጣለው" አልሁት። ጸለይሁለት። ሁሉም ነገር አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ወደ ቤት ገባሁ።

አዋጁ አብቅቶ መሰብሰብ ስንጀምር ያ ሰው አልመጣም። አንድ ወር ጠበቅሁ፤ ሁለት ወር ሆነ። ባለቤቱን ስጠይቃት አንገቷን ደፍታ እንዲህ አለችኝ፦ "ፓስተር፣ አይቀየሙኝ። ያን ቀን ከእርስዎ ቤት ሲመለስ ፍርሃቱ አልቀነሰም፤ ኀፍረት ተጨመረበት እንጂ።"

ይህ ቃል ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከእኔ አልተለየም። እውነቱን ለመናገር በዚያው ወር እኔም ሌሊት አልተኛም ነበር። የጤና ሚኒስትሯ ዶ/ር ሊያ ታደሰ የሚያወጡትን የየዕለቱን መግለጫ፣ ስንት ተመረመረ፣ ስንት ተያዘ፣ ስንት ሞተ የሚለውን ሳላይ አልውልም። ከዚያም ፌስቡክ ላይ ተጥጄ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት እቆያለሁ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ፌጦ ፈውስ ነው የሚል ወሬ ነበር፤ በሽታው በዚህ ቀን ይጠፋል የሚል ትንቢትም ነበር፤ ቀኑ ደርሶ ሲያልፍ ተንባዩ ዝም ይላል። ይህንን ሁሉ እያነበብሁ እጨነቅ ነበር። የእኔን ጭንቀት "የአገልግሎት ሸክም" አልሁት፤ የእርሱን ጭንቀት ግን "የእምነት ጉድለት" አልሁት። ልዩነቱ ምን ነበር? እርሱ ተናገረ፤ እኔ ደበቅሁ።

ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ባጃጇን ሊሸጥ ጥቂት ቀርቶት ነበር። "ፓስተር፣ እኔ እኮ ጌታን አልተጠራጠርሁም፤ የብድሩን ቀን ነው የቆጠርሁት" አለኝ። ከሽማግሌዎች ጋር ተነጋግረን ለሁለት ወር ክፍያ የሚሆን ገንዘብ አዋጣን፤ የደረቱን ጉዳይ ደግሞ ሐኪም እንዲያየው አብረን ሄድን። ዛሬ በጉባኤ መካከል ነው። ነገር ግን ስንቱ በዚያው እንደወጣ ቀርቷል ብዬ ሳስብ እፈራለሁ።

ቃሉ ስለ ጭንቀት የሚለው ምንድን ነው?

በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ የተማርሁትን፣ በጭንቅ ጊዜ ግን የረሳሁትን አንድ ነገር ላንሣ። ሐዋርያው ጳውሎስ በፊልጵስዩስ 4፥6 ላይ አማኞች በጭንቀት እንዳይያዙ፣ ይልቁንም በምስጋና እንዲለምኑ ያሳስባል። እኛ ይህንን ክፍል እንወደዋለን። ነገር ግን ያው ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 11፥28 ስለ አብያተ ክርስቲያናት በየቀኑ የሚከብድበትን ሐሳብ ሲናገር የተጠቀመው የግሪክኛ ቃል "ሜሪምና" ሲሆን፣ ይህም በፊልጵስዩስ ካለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው። በፊልጵስዩስ 2፥20 ደግሞ ጢሞቴዎስ ስለ ሰዎቹ በእውነት የሚገደው በመሆኑ ሲመሰገን ቃሉ ያው ነው።

እንግዲህ ጭንቀት ሁሉ ኀጢአት ቢሆን ጳውሎስና ጢሞቴዎስ ምን ሊባሉ ነው? ሐሳብ የፍቅር ጥላ ነው፤ የምንወደው ነገር ስላለ እንጨነቃለን። ስለዚህ መልእክቱ "አትሰማው" ሳይሆን "ብቻህን አትሸከመው" የሚል ይመስለኛል። ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ እንዳዘነች ለደቀ መዛሙርቱ ነግሯቸዋል፤ አጠገቡ እንዲቆዩም ጠይቋቸዋል (ማቴ. 26፥37-38)። የእግዚአብሔር ልጅ ኀዘኑን ከተናገረ የሶዶ ባጃጅ ነጂ ቢናገር ምን ያስነውራል?

መጀመሪያ እንጎቻ፣ ከዚያ ጉዞ

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር ልምጣ። ከዕለታት በአንዱ ባለቤቴ ስልኬን ከእጄ ወስዳ መሶብ ውስጥ ከተተችው። ከዚያም የቡና ቅጠል አፈላች። ወላይታ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ቅጠሉ ተወቅጦ፣ ከዝንጅብሉና ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከሚጥሚጣውና ከጨው ጋር ሲፈላ ሽታው ግቢውን ይሞላዋል። የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ አቀረበች። "መጀመሪያ ብላ፤ ዓለም እስክትበላ ድረስ ትጠብቅሃለች" አለችኝ። ልጆቹ መጡ። ትንሿ ልጄ የተከለችው ሽንኩርት መብቀሉን እየጮኸች ነገረችን። በዚያ ግማሽ ሰዓት ስለ ምንም ቁጥር አላሰብሁም። ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ፊቴን ሲነካኝ እስከ ዛሬ ይታወሰኛል።

በመጀመሪያ ጥፋተኛነት ተሰማኝ። ሰው እየሞተ እኔ ጎደሬ እየበላሁ ደስ ይለኛል? ከዚያ ግን ኤልያስ ትዝ አለኝ። በ1ኛ ነገሥት 19 ነቢዩ ከፍርሃት የተነሣ ሸሽቶ፣ በቃኝ ብሎ ሞቱን ለምኖ ከዛፍ ሥር ተኛ። እግዚአብሔር መጀመሪያ አልገሠጸውም፤ ስብከትም አልላከለትም። መልአኩ በፍም የተጋገረ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ በላ፤ ተኛ፤ ዳግመኛም ቀሰቀሰውና አበላው። ጥያቄው የመጣው በኋላ በኮሬብ ነው። ጌታ የአገልጋዩን ጭንቀት ማከም የጀመረው በእንጀራና በእንቅልፍ ነበር።

ኤርምያስም በምዕራፍ 29 ወደ ባቢሎን ለተወሰዱት ምርኮኞች በጻፈው ደብዳቤ፣ ምርኮው እስኪያልቅ ድረስ እጅ አጣጥፈው እንዲቀመጡ አልነገራቸውም። ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት ተክለው ፍሬውን እንዲበሉ፣ ልጆቻቸውን እንዲድሩ ነገራቸው። በ1ኛ ጢሞቴዎስ 6፥17 ደግሞ እግዚአብሔር ደስ እንዲለን ሁሉን አትረፍርፎ እንደሚሰጥ ተጽፏል። ትንሽ ደስታ ከመንፈሳዊነት የሚያጎድል ሳይሆን ከእግዚአብሔር እጅ የምንቀበለው የዕለት ድርሻ ነው። የጌታ ጸሎትም የሚለምነው የዓመቱን እህል አይደለም፤ የዕለቱን እንጀራ ነው። ጭንቀት ነገ ላይ ይኖራል፤ ትንሽ ደስታ ግን ወደ ዛሬ ይመልሰናል።

ወገኖች የነገሩኝ

በ2014 ዓ.ም. በአንድ የቤት ለቤት ኅብረት ላይ፣ "በዚያ ዘመን ደስ ያሰኛችሁን አንድ ትንሽ ነገር ንገሩኝ" ብዬ ጠይቄ ነበር። አንዲት እናት፣ "ከአዲስ አበባ የተመለሰው ልጄ ሌሊት ሲያንኮራፋ መስማት ደስ ይለኝ ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያ ድምፅ ቤቴ አልነበረም" አሉ። አንድ መምህር ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጓሮው ጎመን እንደተከለ፣ በአጥሩ በኩልም ስድስት ዓመት አብሮት የኖረውን ጎረቤቱን ስም ያወቀው ያኔ እንደሆነ ነገረን። አንዲት ነርስ እህት፣ "ከተረኛነት ስወጣ በሩ አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የአፍ መሸፈኛዬን አውርጄ ፀሐይ እሞቅ ነበር፤ አሥር ደቂቃ ብቻ፤ ያቺ አሥር ደቂቃ ነው ያቆየችኝ" አለች።

ሁላችንም እየሳቅን ሳለ ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ወንድም፣ "እኔ ምንም አልነበረኝም፤ እናቴን በአሥራ አምስት ሰው ቀበርኋት" አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። እናቱን ብዙዎቻችን እናውቃቸዋለን፤ ለሁሉም ሰው ለቅሶ የሚደርሱ ሴት ነበሩ። ለእርሳቸው ግን የእድሩ ድንኳን አልተተከለም፤ ሕዝቡም አልመጣም። በዚያች ቀን ከሁለት ዓመት ዘግይተን ለቅሶ ተቀመጥን። ያ ወንድም ሲያለቅስ ማንም ዝም በል አላለውም። ስንለያይ አንዷ እህት ቡና አፍልታ በመጀመሪያ ለእርሱ ሰጠችው፤ ጠጣው፤ ስለ እናቱ አንድ የሚያስቅ ታሪክ ነገረንና ራሱም ሳቀ።

ከዚህ አንድ ነገር ተምሬአለሁ። ትንሽ ደስታ የኀዘን ምትክ አይደለም። በልቅሶው ላይ የምንከድነው ክዳን ካደረግነው ሐሰት ይሆናል። "ደስ ይበላችሁ" የሚል ስብከት ለተራበ ሰው ሲነገርም ስድብ ይሆናል። ስለዚህ የደስታችንን ጤንነት በሦስት ጥያቄዎች መመዘን እንችላለን። ወደ ሰው ያቀርበኛል ወይስ ከሰው ይደብቀኛል? ለጎረቤቴ ላካፍለው እችላለሁ? ሲያልፍ ምስጋና ይተውልኛል ወይስ ጸጸት? መጠጥና ጫት፣ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ ማፍጠጥም ለጊዜው ያስረሳሉ። በማግስቱ ግን ጭንቀቱ ወለድ ጨምሮ ይመጣል። በአጥር ላይ ለጎረቤት የምትሻገር አንዲት ስኒ ቡና ግን ለሁለት ሰው ትበቃለች።

ቀድመውን ያለፉ

ይህ መንገድ አዲስ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን ሲመታ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል፤ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠል ልማድም ከዚያ ጋር ተያይዞ ይታወሳል። ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1527 ወረርሽኝ በዊተንበርግ ሳለ ከተማይቱን ትቶ አልሄደም። ክርስቲያን ከወረርሽኝ መሸሽ ይችላል ወይ ለሚለው ጥያቄ በጻፈው ደብዳቤ፣ መድኃኒት መውሰድ፣ ቤትን ማጽዳት፣ ከማያስፈልግ ቦታ መራቅ ተገቢ እንደሆነ፣ ጎረቤት ሲፈልገን ግን ልንተወው እንደማይገባ አስተምሯል። ጥንቃቄንና እምነትን አላጣላቸውም።

ከሁሉም ይልቅ የራሳችን አባቶች ታሪክ ይደንቀኛል። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1928 ወደዚህ አገር መጥተው ወንጌልን ሰበኩ። በጣሊያን ወረራ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1937 ወላይታን ለቅቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ስደት መጣ፤ ዋንዳሮ ዳባሮን የመሳሰሉ መሪዎች ታሰሩ፣ ተገረፉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሚሽነሪዎቹ ሲመለሱ ግን የአማኞቹ ቁጥር ወደ 10 ሺህ ተጠግቶ አገኙት። እነዚያ ሰዎች ትልቅ አዳራሽ፣ ድምፅ ማጉያ ወይም የቀጥታ ስርጭት አልነበራቸውም። ለታሰረ ወንድም ምግብ የማድረስና አብሮ የመብላት ፍቅር ግን ነበራቸው። የቤት ለቤት እምነት ለወላይታ እንግዳ አይደለም።

ዛሬስ ምን እናድርግ?

ጭንቀቱ ከኮቪድ ጋር አላበቃም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን በጎፋ ዞን በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ወገኖቻችን አለቁ። በ2015 ነሐሴ ክልላችን ተመሥርቶ ሶዶ መቀመጫ ስትሆን ተስፋ ያደረገው ብዙ ነበር፤ በ2016 ደግሞ የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ሲዘገይ የመምህራን ቤት ምድጃ እንዴት እንደዋለ አይተናል። ከዚያም የማርበርግ ዜና መጣ። ወረርሽኝ ወይም ሌላ መከራ ዳግመኛ አይመጣም ብሎ የሚናገር ቢኖር አላምነውም። ስለዚህ ለአብያተ ክርስቲያናችን እነዚህን አሳቦች አቀርባለሁ።

1. ጭንቀትን በቶሎ ኀጢአት ብለን አንጥራ። የመጣው ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ እንስማው፤ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ብድር ብለን በዝርዝር እንጠይቀው። ሳምንታት ካለፉ ወይም ሕይወቱን ለማጥፋት የሚያስብ ከሆነ ሳንዘገይ አብረነው ወደ ሐኪም እንሂድ። ሐኪምና ጸሎት ጠላቶች አይደሉም።

2. የምንሠራውንና የምንተወውን እንለይ። በወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ አድርገን፣ በአንደኛው በእጃችን ያለውን፣ በሌላው በእግዚአብሔር እጅ ያለውን እንጻፍ። በመጀመሪያው ላይ እንሥራ፤ በሁለተኛው ላይ እንጸልይ።

3. ለወሬ ሰዓት እንወስን። በቀን አንድ ጊዜ ከታመነ ምንጭ መስማት ይበቃል። ያልተረጋገጠ መድኃኒትና ትንቢት ማሰራጨት ጎረቤትን መጉዳት ነው።

4. ቸኩለን የቀበርናቸውን እናስብ። በዚያ ዘመን በወጉ ያልተለቀሰላቸው ወገኖች ያሉበት ጉባኤ አንድ እሑድ መድቦ ስማቸውን ቢጠራ፣ ቤተሰባቸውንም ቢያጽናና ብዙ ቁስል ይሽራል።

5. ትንሿን ማዕድ አናቋርጥ። የቤት ለቤት ኅብረት፣ የአጥር ላይ ቡና፣ ለአረጋዊ የሚደወል ስልክ በደኅና ቀን ካልተለመዱ በክፉ ቀን አይገኙም።

በኅዳር ወር የጠየቁኝ ሽማግሌ ያንን ባልዲ በመጨረሻ አወጡት። ታጥቦ፣ ውኃ ተሞልቶ፣ ሳሙና ተቀምጦለት በበሩ አጠገብ ቆመ። በዚያ እሑድ ሰው እጁን እየታጠበ ሲገባ አየሁ። ከአምልኮ በኋላ ደግሞ እህቶች በግቢው ጥግ የቡና ቅጠል አፍልተው ነበር። ያ ባጃጅ ነጂ ስኒውን ይዞ ወደ እኔ መጣና፣ "ፓስተር፣ በዚህ ሰሞን እንቅልፍዎ እንዴት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

እውነቱን ነገርሁት። "ትላንት አልተኛሁም" አልሁት። አልገሠጸኝም። ስኒውን ሰጠኝና አጠገቤ ተቀመጠ።

እግዚአብሔር ለሁላችንም እንዲህ ያለ ወንድም ይስጠን፤ እኛንም ለሌላው እንዲህ ያድርገን።